ለ140 ኬሚካሎች የትኛው የመረጃ ቋት ይበቃል?

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገላን ውስጥ በሚገኝ የፈሳሽ ሳሙናና የጽዳት ምርቶች ፋብሪካ፣ በጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ ከሚሠሩ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«መጋዘናችን ውስጥ 140 ያህል ኬሚካሎች አሉ። ሥራ አስኪያጃችን የኬሚካል ዳታቤዝ እንዳዘጋጅ አዘውኛል፤ አንድ ባልደረባዬም ‹ፐብኬምን አውርደሽ ጫኚው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ› ብሎኛል። እኔ ግን ‹ሶዳ› ብዬ ስፈልግ የማይገናኝ ነገር ይደረደርብኛል። የኤታኖል የመፍያ ነጥብ አንዱ ቦታ 78.2፣ ሌላው ቦታ 78.5 ዲግሪ ይላል፤ እኛ ስንለካው ደግሞ 72 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ለፈሳሽ ሳሙና ዋና ጥሬ ዕቃ ለሆነው ሳልፎኒክ አሲድ ያገኘሁት ሞለኪውልም ከሻጩ ድርጅት ሰነድ ጋር አልገጥም አለኝ። ትክክለኛው የመረጃ ቋት የትኛው ነው? ከፍለን መመዝገብስ ይኖርብናል?»

የባልደረባዎ ምክር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። ፐብኬም ከ100 ሚሊዮን በላይ ውህዶች የተመዘገቡበት ቋት ነው፤ እርስዎ የታዘዙት ግን መጋዘንዎ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የት እንደተቀመጠና ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት የሚናገር መዝገብ እንዲያዘጋጁ ነው። መቶ ሚሊዮኑን በሙሉ ቢያወርዱት እንኳ ግድግዳው ሥር የቆመው ሰማያዊ በርሜል ምን እንደያዘ አይነግርዎትም። ስለዚህ «ትክክለኛው የትኛው ነው» የሚለውን ለጊዜው እናቆየውና ከእርሱ በፊት መጠየቅ ያለበትን እናስቀድም፤ በዚህ ቋት ውስጥ አንድ መዝገብ የሚቆመው ለምንድን ነው?

አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ የነዋሪዎች መዝገብ፣ የቤት ቁጥር መዝገብና የይዞታ ካርታ ያገኛሉ። ሦስቱም ስለ አንድ ሰፈር ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሚቆጥረው ሰው፣ ሌላው ቤት፣ ሦስተኛው መሬት ነው። በነዋሪዎች መዝገብ ውስጥ የግቢ ስፋት የፈለገ ሰው መዝገቡ ስሕተት ነው ሊል አይችልም፤ የሳተው ቢሮውን ነው። የኬሚካል የመረጃ ቋቶችም እንደዚሁ ናቸው። አንዳንዱ ንጥረ ነገርን እንደ አንድ መዝገብ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ የሞለኪውልን ቅርጽ፣ አንዳንዱ ሪአክሽንን፣ አንዳንዱ በመሣሪያ የተነሣ ስፔክትረምን (የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚጠቁም የመለኪያ ሥዕል)፣ አንዳንዱ በአንድ ሕዋስ ወይም ፕሮቲን ላይ የተደረገ ሙከራን፣ አንዳንዱ ደግሞ የአደጋ መረጃን። ካጋጠሙዎት ግጭቶች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

በንጥረ ነገር መዝገብ እንጀምር፤ ለእርስዎ ሥራ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነውና። የዚህ ዓይነቱ ዋነኛ ቋት የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ክፍል የሆነው ካስ የሚያስተዳድረው ነው። ማኅበሩ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን ማሳጠርና ማውጣት የጀመረው በ1907 ሲሆን፣ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በራሱ ቁጥር መመዝገብ የተጀመረው በ1965 ነው፤ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ንጥረ ነገሮች ተመዝግበውበታል። ቁጥሩ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ስለ ንጥረ ነገሩ ባሕርይ ግን ምንም አይናገርም፣ እንደ መኪና ሰሌዳ ያለ መለያ ብቻ ነው። ጥቅሙም ከዚሁ ይመነጫል። ስም በየአገሩና በየሱቁ ይለያያል፤ ቁጥሩ አይለያይም።

«ሶዳ» ያስቸገረዎት ስም ብቻውን መለያ ስላልሆነ ነው። መርካቶ ገብተው ሶዳ ስጡኝ ቢሉ ሻጩ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ይጠይቅዎታል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይጠይቅም፣ ያገኘውን ሁሉ ይደረድራል። ኮስቲክ ሶዳ የካስ ቁጥሩ 1310-73-2 ነው፤ ሶዳ አሽ 497-19-8፤ ለዳቦና ለኬክ የሚገባው ቤኪንግ ሶዳ 144-55-8። የመጀመሪያው ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ የመጨረሻው ወጥ ቤት ይቀመጣል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሶዳ አሽ ራሱ ውሃ ያልያዘ ሆኖ ሲመጣ የሞለኪውል ክብደቱ 105.99 ነው፤ ከአሥር የውሃ ሞለኪውሎች ጋር ክሪስታል ሆኖ ሲመጣ ግን 286.14 ይሆናል፣ ቁጥሩም ወደ 6132-02-1 ይለወጣል። ከሁለተኛው አንድ ኪሎ የመዘነ ሰው በእጁ ያለው እውነተኛ ሶዲየም ካርቦኔት 370 ግራም ያህል ብቻ ነው። በምርቱ የአሠራር ፎርሙላ ላይ «ሶዳ አሽ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈና ግዥ ክፍል ርካሹን ክሪስታል ካመጣ፣ ጥፋቱን ከማደባለቂያው ወይም ከሠራተኛው ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የካስ ቁጥር ሲጻፍ ስሕተት መግባቱን በእጅ ማጣራት ይቻላል። የኮስቲክ ሶዳን ቁጥር እንውሰድ። የመጨረሻውን 2 ትተው የቀሩትን አሃዞች ከቀኝ ወደ ግራ በ1፣ በ2፣ በ3 እያሉ በቅደም ተከተል ያባዟቸው፦ 3 በ1፣ 7 በ2፣ 0 በ3፣ 1 በ4፣ 3 በ5፣ 1 በ6። ድምሩ 42 ነው፤ የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 2 ስለሆነ ከቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ ጋር ይገጥማል። ጸሐፊው 73ን አዙሮ 37 ብሎ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 38 ይሆንና ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ይህ ማጣሪያ የአጻጻፍ ስሕተትን ይይዛል እንጂ የሌላ ኬሚካል ትክክለኛ ቁጥር በስሕተት ሲገባ አይነቃም፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ስሙም መነበብ አለበት።

ስለ አጻጻፍ ካነሣሁ አይቀር አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ላብራቶሪ ይህንኑ መሰል ዝርዝር በኤክሴል ሳዘጋጅ የቁጥሮቹን ዓምድ አስቀድሜ «ጽሑፍ» ብዬ ሳልወስን ሞላሁት። ፕሮግራሙ 6132-02-1ን ዓመት፣ ወርና ቀን መስሎት ወደ ቀን ለወጠው። ዝርዝሩ ታትሞ መጋዘን ሲደርስ ንብረት ክፍሉን የያዙት ሰው ቁጥሩን ጊዜው የሚያልፍበት ቀን አድርገው አነበቡትና «እስከ 6132 ከቆየልንማ ሌላ አንገዛም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ ዓምዱን ጽሑፍ ማድረግ ነው፤ የእርስዎም ይሁን።

ሌሎች ቁጥሮችንም ከካስ ቁጥር ጋር አያምታቱ። በጉምሩክ ሰነድ ላይ የሚገኘው የታሪፍ ቁጥር የሚያገለግለው ለቀረጥ ነው፤ ጠጣሩ ኮስቲክ ሶዳ በ2815.11፣ በውሃ የተሟሟው በ2815.12 ይመዘገባል፤ በ34.02 ርዕስ ሥር ግን እርስዎ ከሚጠቀሙባቸው የአረፋ ማውጫዎች ብዙዎቹ ከተዘጋጁ ማጠቢያዎች ጋር ጭምር ይታጎራሉ። በከባድ መኪናና በበርሜል ላይ የሚለጠፈው ባለ አራት አሃዝ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር ደግሞ ለማጓጓዣ አደጋ ነው፤ ጠጣሩ ኮስቲክ 1823፣ ፈሳሹ 1824። ሁለቱም በመዝገብዎ ውስጥ የየራሳቸው ዓምድ ሊኖራቸው ይገባል፤ መለያ ሆነው ግን አያገለግሉም።

ሙሉው የካስ ቋት የሚከፈልበት ነው። ይሁን እንጂ ካስ ራሱ በነፃ የከፈተው «ኮመን ኬሚስትሪ» የተባለ ክፍል ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የተለመዱ ንጥረ ነገሮችን ስምና ቁጥር ይዟል። ለአንድ የሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ፐብኬም እንምጣ። በ2004 የተከፈተው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር ሲሆን፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት አንድ ቋት ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሦስት ቋቶች ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ አንድ መዝገብ ማለት አንድ አስረካቢ ድርጅት «ይህን ንጥረ ነገር አውቃለሁ» ብሎ ያስገባው ቃል ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ አንድ መዝገብ ማለት ከእነዚያ ቃሎች ተጣርቶ የወጣ አንድ የሞለኪውል ቅርጽ ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ አንድ መዝገብ ማለት አንድ የሥነ ሕይወት ሙከራ ነው። ኤታኖልን ያስረከቡት ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ የሁሉም ቃል ግን በሁለተኛው ቋት ውስጥ ቁጥር 702 በሆነ አንድ ገጽ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ፐብኬም ሰብሳቢ እንጂ ፈራጅ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት የመፍያ ነጥቦች ቢያዩ አንዱ የግድ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ምንጮቹ የተለያዩ ናቸው፣ ቋቱም የእያንዳንዱን ምንጭ ከሥሩ ይጠቅሳል። ምንጩን ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ መቅዳት ምስክርን ሳይጠይቁ ቃሉን እንደ መቀበል ነው።

በ78.2 እና በ78.5 መካከል ያለው ልዩነት ከናሙናው ንጽሕና፣ ከቴርሞሜትሩና አሃዙ ከተጠጋጋበት መንገድ ይመጣል፤ አያስጨንቅዎ። የእርስዎ 72 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስሕተትም አይደለም። በቋቶች ውስጥ የመፍያ ነጥብ የሚጻፈው ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር በባሕር ወለል ግፊት፣ ማለትም በ101.3 ኪሎፓስካል ነው። ገላን ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው፤ የአየሩ ግፊት ወደ 79 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ኤታኖል ደግሞ 72 ዲግሪ ላይ ነው። ላብራቶሪያችሁ በትክክል ለክቷል፤ ቋቱም አልዋሸም፤ የሁለታችሁ ግፊት ለየቅል ነው። በመዝገብዎ ውስጥ የቋቱን ቁጥር ሲያሰፍሩ ግፊቱን አብረው ይጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ግፊቱ የሚያወርደው የመፍያ ነጥብን ብቻ አይደለም፤ የአንድ ፈሳሽ ተን እሳት ሊይዝ የሚችልበት ዝቅተኛው ሙቀትም ይወርዳል። ለንጹሕ ኤታኖል በቋቶች የሚታየው 13 ዲግሪ ነው። በተለመደው ማስተካከያ መሠረት ግፊቱ አንድ ኪሎፓስካል በቀነሰ ቁጥር ሩብ ዲግሪ ይቀነሳል፤ በእናንተ ከፍታ ልዩነቱ ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ የተለካውን ቁጥር ይዞ «የእኛ መጋዘን ቀዝቃዛ ስለሆነ ችግር የለም» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው። በርግጥ ገላን ማለዳ ላይ ይበርዳል፤ እስከ ቀትር ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለውን ሙቀት የሚያውቀው ውስጡ የሚሠራ ሰው ነው።

በፐብኬም ገጽ ላይ በስሌት የተገኙና በሙከራ የተገኙ ባሕርያት በተለያየ ክፍል ተቀምጠዋል። የሞለኪውል ክብደትን ከስሌቱ ክፍል መውሰድ ተገቢ ነው። በውሃና በዘይት መካከል ያለውን ዝንባሌ የሚያሳየውን ቁጥር ግን ኮምፒውተር ከቅርጹ ተነሥቶ የገመተው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

የሳልፎኒክ አሲድዎ ግራ መጋባት ከቅርጽ ቋቶች ወሰን የመጣ ነው። ቅርጽን በኮምፒውተር ለመጻፍ የተለያዩ ሥርዓቶች አሉ። ስማይልስ የሚባለው ሞለኪውሉን በአንድ መስመር ፊደላት ይጽፋል፤ ኤታኖል በዚህ ሥርዓት ሁለት የካርቦን ምልክትና አንድ የኦክስጅን ምልክት ተከታትለው ሲጻፉ ነው፣ ሃይድሮጅኖቹ ሳይጻፉ ይታወቃሉ። ኢንቺ የተባለው የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ሥርዓት ደግሞ ለአንድ ቅርጽ አንድ ጽሑፍ ብቻ እንዲኖር ያደርጋል፤ ከእርሱም በምልክቶች የተሠራ 27 ቁምፊ ያለው አጭር ቁልፍ ይወጣል። በእነዚህ ምክንያት ሞለኪውሉን በስክሪን ላይ ሥሎ መፈለግ፣ የሞለኪውል ቁራጭ የያዙትን ሁሉ ማውጣት፣ ተመሳሳዮቹን በቅርበት መደርደር ተቻለ። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ንጥረ ነገሩ አንድ ቅርጽ ሲኖረው ነው።

እናንተ የምትገዙት ሳልፎኒክ አሲድ አንድ ቅርጽ የለውም። ከ10 እስከ 13 ካርቦን ያላቸው የተለያዩ ሰንሰለቶች ያሉበት፣ ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበትም በሰንሰለቱ ላይ በተለያየ ቦታ የተያያዘበት የብዙ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው፤ ሻጩ በሰነዱ ላይ 85536-14-7 ያለው ይህን ድብልቅ ነው። እርስዎ በፍለጋ ያገኙት 27176-87-0 ደግሞ 12 ካርቦን ያለው ብቻ ሆኖ የሞለኪውል ክብደቱ 326.5 የሆነው ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። የልዩነቱ ዋጋ የሚታየው በማደባለቂያው ላይ ነው። አሲዱን ለማርገብ የሚያስፈልገውን ኮስቲክ በ326.5 ቢያሰሉት አማካይ ክብደቱ ከዚያ ዝቅ ላለው ድብልቅ ያንስበታል፤ በዚያ ላይ በውስጡ የቀረው ነፃ ሰልፈሪክ አሲድ የራሱን ኮስቲክ ይወስዳል። ትክክለኛው መነሻ ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር የሚመጣው የምርመራ ሰርተፊኬት ላይ ያለው የአሲድ መጠን ነው፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም የዓለም ቋት አይዘውም። «ቴክሳፖን» የምትሉት አረፋ ማውጫም እንዲሁ ነው፤ በ68891-38-3 የሚታወቀው የድብልቅ ቤተሰብ ነው እንጂ አንድ ሞለኪውል አይደለም፣ ስሙም የንግድ ስም ነው። አንዱ ሻጭ 70 በመቶ የሆነውን ወፍራም ሊጥ፣ ሌላው የቀጠነውን በዚያው ስም ሊያቀርብ ይችላል።

የቀሩትን ዓይነቶች ባጭሩ ልለፋቸው፤ ለእርስዎ ሥራ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸውና። የሪአክሽን ቋቶች አንድን መዝገብ የሚያቆሙት ለአንድ ሪአክሽን ነው፤ ምን ከምን ጋር፣ በምን ሙቀት፣ በምን ሟሟ፣ ምን ያህል ምርት ተገኘ። ትልቁ ሪአክሲስ ነው፤ ሥሩ ፍሪድሪክ ባይልሽታይን ከ1881 ጀምሮ ባሳተሙት የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መድብል ላይ ነው። ከፍተኛ ክፍያ አለው፤ ያልተሳኩ ሙከራዎችም እምብዛም አይገኙበትም፣ ደራሲዎች የከሸፈባቸውን አያሳትሙምና። ኬምብልና ድራግባንክ መድኃኒትነትን ለሚያጠኑ ናቸው፤ ሞለኪውሉ በየትኛው ፕሮቲን ላይ በምን መጠን እንደሠራ ይመዘግባሉ። የክሪስታል ቋቶች የአቶሞችን አቀማመጥ ይይዛሉ፦ በ1965 የተመሠረተው የኬምብሪጅ ቋት በ2019 አንድ ሚሊዮን ቅርጾችን አልፏል፤ በ1971 በሰባት ቅርጾች የጀመረው የፕሮቲን ቋት ዛሬ ከ200,000 በላይ አሉት። ሲሚንቶ ፋብሪካ ቢሆኑ ስለ ክሪስታል ረዘም አድርጌ እጽፍልዎ ነበር።

ስፔክትረምን ግን አልዘለውም፤ ላብራቶሪያችሁ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ካለው ወይም ናሙና ወደ ሌላ ላብራቶሪ የምትልኩ ከሆነ ይጠቅማችኋል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ከ1996 ጀምሮ በነፃ የከፈተው የኬሚስትሪ ድረ ገጽ የሙቀት ባሕርያትን፣ የኢንፍራሬድና የማስ ስፔክትረሞችን ይዟል። የጃፓኑ ኤስዲቢኤስ ደግሞ ከ30,000 በላይ ለሆኑ ኦርጋኒክ ውህዶች የተለያዩ ስፔክትረሞችን በአንድነት ያሳያል። እዚህ አንድ መዝገብ ማለት አንድ ናሙና በአንድ መሣሪያ በአንድ ሁኔታ የሰጠው ሥዕል ነው፤ በፈሳሽ ሽፋን የተነሣውን በዱቄት ከተነሣው ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። መሣሪያው «95 በመቶ ይመሳሰላል» ቢልም ማንነቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ዛይሊን የተባለው ሟሟ ሦስት ዓይነቶች በማስ ስፔክትረም አይለዩም ማለት ይቻላል፤ የሚለያቸው ድብልቅን ከሚነጣጥለው መሣሪያ፣ ከክሮማቶግራፉ፣ የሚወጡበት ሰዓት ነው።

ጊዜዎን ከሁሉ በላይ ሊወስድ የሚገባው የደህንነት መረጃ ነው፤ ትልቁ አለመግባባትም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በፐብኬም ገጽ ላይ የአደጋ ምልክቶች አጠገብ መቶኛዎች ያያሉ። አንዳንዶች «40 በመቶ» የሚለውን «አደጋው 40 በመቶ ነው» ብለው ይተረጉሙታል። አይደለም፤ ንጥረ ነገሩን ለአውሮፓ የኬሚካሎች ኤጀንሲ ካሳወቁት መካከል ስንት በመቶው በዚያ አደጋ እንደመደቡት ነው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው የመደቡት ስለሆነ፣ የአንዱ ምርት ቀጭን የሌላው ጠንካራ፣ የአንዱ ንጹሕ የሌላው ቆሻሻ ያለው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ይልቅ የዓለም የሥራ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ የሚያወጧቸው ዓለም አቀፍ የኬሚካል ደህንነት ካርዶች በባለሙያዎች የተመረመሩ፣ አጭርና ለሠራተኛ የሚገቡ ናቸው። ወደ 1,700 ያህል ሲሆኑ በነፃ ይገኛሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የሻጩ የደህንነት መረጃ ሰነድ ነው፤ በተለምዶ ኤምኤስዲኤስ የምትሉት፣ 16 ክፍሎች ያሉት። ምክንያቱም ስለ ንጥረ ነገሩ በጠቅላላ ሳይሆን በበርሜሉ ውስጥ ስላለው ምርት የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። ክፍል 1 ማንነቱንና የአምራቹን አድራሻ፣ ክፍል 3 ይዘቱን ከነካስ ቁጥሩ፣ ክፍል 7 አቀማመጡን፣ ክፍል 10 ከምን ጋር እንደማይስማማ ይነግርዎታል። ሻጩ ከሌላ አምራች የተቀዳ ሰነድ ቢሰጥዎ፣ ወይም በክፍል 3 የተጻፈው ከበርሜሉ መለያ ጋር ካልገጠመ፣ ዕቃውን አይረከቡ።

እናንተ ጋ በተለይ የሚያሳስበኝ በረኪናና አሲድ ናቸው። በረኪና አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሊትር እንኳ ሰውን ሊገድል ይችላል። ብዙዎች «አሲድ» ሲባል የባትሪ አሲድና የመጸዳጃ ማጽጃ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ሳልፎኒክ አሲድም አሲድ ነው፣ በብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ደግሞ ከበረኪናው ጀሪካን ጎን ለጎን ተቀምጦ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ለማጣራት ካሚዮ ኬሚካልስ የተባለው፣ በአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የተሠራው ቋት ይጠቅማል፤ ኬሚካሎችን መርጠው ሲያስገቡ ሁለት ሁለቱ ቢገናኙ ምን እንደሚከተል በሠንጠረዥ ያሳያል። ኮምፒውተርም ስልክም ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራትና ኔትወርክ አብረው በሚጠፉበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወሰኑን ግን ይወቁ፤ የሚያየው ጥንድ ጥንዱን ነው፣ ስለ መጠን፣ ስለ ሙቀትና ሦስቱ በአንድ ላይ ቢፈስሱ ስለሚሆነው አይናገርም። «አደጋ የለም» ቢል እንደ ፈቃድ አይውሰዱት፤ «አደጋ አለ» ሲል ግን ወዲያው ይመኑት።

አንድም ቋት የማይነግርዎት ነገሮች አሉ። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣል፤ ከሦስት ወር በፊት የገባው ዛሬ ምን ያህል ክሎሪን እንደቀረው የሚያውቀው በላብራቶሪ የሚለኩበት የእርስዎ ቡሬት ነው። በገጾቹ ላይ «ሕግና ቁጥጥር» በሚል ርዕስ የሚደረደረውም የአሜሪካና የአውሮፓ ሕግ ነው፤ የኢትዮጵያን ፈቃድና ክልከላ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

የክፍያውን ነገር በግልጽ ልመልስ፦ አያስፈልጋችሁም። ሪአክሲስም ሆነ ሙሉው የካስ ቋት አዲስ ሞለኪውል ለሚሠሩ፣ የፈጠራ መብት ለሚያጣሩና ለዩኒቨርሲቲዎች ነው። እንደ ሂናሪ ያሉ በነፃ የሚከፈቱ የጆርናል መግቢያዎችም ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ስለሆኑ በፋብሪካው ስም አይጠይቁ። ገንዘቡ ካለ ለጥሩ ሚዛንና ለበርሜል መለያ ማተሚያ ይዋል።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። 140 ረድፎች ያሉት አንድ ሠንጠረዥ ይክፈቱ፤ በየረድፉ መጋዘን ውስጥ የሚጠራበትን ስም፣ በሰነዱ ላይ ያለውን ስም፣ የካስ ቁጥር፣ የጥራት ደረጃና መቶኛ፣ አምራችና የጭነት ቁጥር፣ የገባበትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ ከምን ጋር እንደማይቀመጥ፣ የሰነዱ ቅጂ የሚገኝበት ፋይል ይኑር። ድብልቅ ከሆነ አንድ ቁጥር በግድ አይፈልጉለት፤ በሰነዱ ክፍል 3 ያሉትን ሁሉ ይዘርዝሩ። ቁጥሮቹን በኮመን ኬሚስትሪ ያረጋግጡ፣ ባሕርያቱን ከፐብኬም ከነምንጫቸው ይቅዱ፣ ደህንነቱን ከሻጩ ሰነድ ወስደው በዓለም አቀፉ ካርድ ያመሳክሩ፣ የሚጎራበቱትን በካሚዮ ይፈትሹ። ሠንጠረዡን የሚያስተካክል አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በየወሩም ታትሞ አንድ ቅጂ ከመጋዘኑ ውጭ፣ በር ጥበቃው ጋ ይቀመጥ። እሳት ሲነሣ ኮምፒውተሩ ያለው ከሚቃጠለው ክፍል ውስጥ ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ የሚጠይቁት ዘበኛውን ነው።

ሥራውን ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከመጋዘኑ ይጀምሩ፣ ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ብቻዎን ሳይሆኑ። መለያው የተፋቀ ወይም የሌለው በርሜል ማግኘትዎ አይቀርም። በማሽተት ለመለየት አይሞክሩ፤ ክዳኑን አይክፈቱ፤ «ይህ የአምናው ኮስቲክ ይመስለኛል» በሚል የማንንም ቃል መዝገብ ላይ አያስፍሩ። «ያልታወቀ» ብለው ቀን ጽፈው ይለጥፉበት፣ ከአሲዱም ከበረኪናውም ለይተው ያስቀምጡት፣ የግዥ ሰነዶቹ ተመርምረው ወይም ናሙናው በአግባቡ ተወስዶ እስኪታወቅ ድረስ በ140ዎቹ ውስጥ አይቁጠሩት።